ሮዳጅ ያልጨረሰችው ፔጆ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ዛሬም በመኪና ጩኸት ነቃሁ። ዓሪፍ ሱብሒ ሰግዶ ሲመለስ ቤት አይገባም፤ ቀጥታ ወደ ፔጆዋ። ቁልፍ፣ ሳል፣ ጭስ... ከዚያ ጩኸት። በመስኮት "አጥፋው!" አልኩ። "ትሙቅ እንጂ ሀስናዬ!" አለ። የከተማችን የመርሳ ዶሮዎች እንኳ ከእሷ ኋላ ነው የሚነቁት።

ጣውንቴ እላታለሁ። አባቱ በጃንሆይ ጊዜ የገዟት ፔጆ 404 ናት። ታምራለች፣ አይካድም፤ ሰርግ ያለው ሁሉ ለሙሽራ ይለምናታል። ጉልበት ግን... የለም። አርጅታለች።

የአራተኛ ክፍል ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲራገጥ ዋለ። ስድስት ወር ሊሆነው ነው። ዶክተሯ "ያለ ኦፕራሲዮን አትወልጂም፣ ደሴ መሄድ አለብሽ" ብላኛለች። ደሴ ለመድረስ ደግሞ የውጫሌ ዳገት አለ። ካቻምና ምጥ ይዞኝ እዚያ ዳገት ላይ ፔጆዋ ፈላች፣ ቆመች... ሌላ መኪና እስኪገኝ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሞተ። ዓሪፍ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሞተሩን ብቻ ይነካካል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ወልድያ ዋልን፣ ጋሽ ሓድጉ ጋራዥ። የዓሪፍ አባት ወዳጅ ነበሩ፤ ፔጆዋን ከልጅነቷ ያውቋታል። ዓሪፍ "ጉልበት እንጨምርላት" ብሎ ይለምናል። ያማረው ባለ ሁለት ካርቡራቶር ማድረግ ነው። አንድ ሰው መኪና ላይ ሰምቶት... ድምጹን በአፉ ሠርቶ አሰማን! ትልቅ ሰውዬ።

ጋሽ ሓድጉ ግን ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልልቅ ፒስተን ማስገባት ይሻላል ባይ ናቸው። ለምን ሁለቱንም አታደርጉም? አልኩ። ሳቁብኝ። "ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግን ሙቀቱን ራዲያተሯ አይችለውም፤ ትፈላለች።" ትፈላለች ሲሉ ዓሪፍ መሬት መሬት አየ።

ተከራከሩ። ምሳው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጋሽ ሓድጉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "የምትሳፈረው እሷ ናት። እሷ ትምረጥ" አሉ።

እኔ? ከመኪና የማውቀው በር መዝጋት ነው፤ እሱንም "ቀስ!" እየተባልኩ። ግን ጠየቅሁ። "እኔ እየጮህኩ ውጫሌ ላይ የማይቆመው የትኛው ነው?"

"ካርቡራቶሩ ሜዳ ላይ ሩጫ ይሰጥሻል። ፒስተኑ ጉልበት ነው። ቀስ ይላል፣ ግን አይለቅም።"

"እሱ ይሁን።"

ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ዓሪፍ፣ "ድምጹ ግን ያምር ነበር..." አለ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 3

ሱብሃነላህ!

ባለፈው ሳምንት ተፈታትታ ጨርቅ ላይ ተዘርግታ አይቻት ነበር። ያ ሁሉ ብረት ተመልሶ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ አላመንኩም። ዛሬ ጋሽ ሓድጉ ቁልፉን አዞሩ። ጩኸት አይደለም። ዝቅ ያለ ድምፅ... በጫማዬ በኩል ገብቶ እስከ ጉልበቴ መጣ። ሲራገጥ የነበረው ልጅ ዝም አለ። የሚያዳምጥ ይመስል! ቆሜ ቀረሁ። ሰው ይህን በእጁ ይሠራል? አጃኢብ ነው።

ጋሽ ሓድጉ ግን ተቆጡን። "አሁን አራስ ናት። ሮዳጅ ትጨርስ። ፒስተኖቹ ከቤታቸው እስኪላመዱ ድረስ ጭነት የለም፣ ዳገት የለም። ካስጨነቃችኋት ይጣበቁና ከዚያ ወዲያ አትነሣም።"

እሁድ፣ ሐምሌ 18

ጦርነቱን ሸሽቶ ከቆቦ በኩል ሰው በእግሩ ይመጣል። ፍራሽ በራሱ፣ ልጅ በጀርባው። ዓሪፍ ፔጆዋን ለሮዳጅ ብሎ ባዶዋን ወደ ግራና ከተማ ይወስዳታል፣ ይመልሳታል። ዛሬ አንዲት ሴት እጅ ዘረጋችለት። አልቆመም። ቤት ገብቶ ምሳ አልበላም። "ጭነት የለም ተብሏል" አለ፣ ሳልጠይቀው።

ልክ ነው። ልክ ነው? ለእኔ ብሎ እኮ ነው... አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 1

ዱበርቲዎቹ መጡልኝ። እርጉዝ ያለችበት ቤት ዞረው ዱዓ የሚያደርጉት የሰፈራችን እናቶች። መሪያቸው ጎረቤታችን እመት አሚና ናቸው። "አላህ በሰላም ይገላግልሽ!" "አሚን!" ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ይሰማል፤ አሚኑን ከፍ አደረጉት። ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ አኖሩልኝ።

ከዚያ እመት አሚና "የምትወስድሽስ የታለች?" አሉ። ዓሪፍ ኮፈኑን ከፈተ። በተረፈው ቅቤ ሞተሯን ከላይ እስከ ታች ቀቧት! ዓሪፍ ዓይኑ ፈጠጠ።

"እመት፣ እሱ እኮ..."

"ዝም በል! አራስ ናት ስትል አልነበር?"

ከሄዱ በኋላ ጨርቅ ይዞ ብዙ ቆመ። አልጠረገውም። "ምርቃት ይጠረጋል እንዴ?" አለና ኮፈኑን ዘጋ። ቤንዚን ጠፍቷል፤ ያለችን ለደሴ ብቻ ናት። ስለዚህ አያስነሣትም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

ወልድያ ተያዘ አሉ። ዓሪፍ ለጋሽ ሓድጉ ደወለ። "አብረን እንውጣ፣ ልምጣልዎ" አላቸው። "እኔ የት እሄዳለሁ? ተወልጄ ያረጀሁበት ነው። ይልቅ ስማ... ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ። አታስጩሃት።" ተቋረጠ። እየወጣን ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5፣ ደሴ

ደርሰናል። የዓሪፍ አክስት ቤት ነን። ካልጻፍኩት አልተኛም።

የጫንነው እመት አሚናን ብቻ ነበር። ሌላ ሰው አይገባም ተባብለን። መንገዱ ሰው በሰው ነው። ውርጌሳን እንዳለፍን አንዲት ሴት አየሁ። አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን እየጎተተች። እግሯ አብጧል። እጅ እንኳ አልዘረጋችም። ተስፋ ቆርጣለች።

"ዓሪፍ፣ ቁም።"

"ሮዳጅ አልጨረሰችም ሀስና።"

"አውቃለሁ።"

"ዳገቱ ከፊታችን ነው! ልጃችን..."

"የመረጥኳት እኔ ነኝ። ቁም።"

ቆመ። ሴትዮዋ ቡርቱካን ትባላለች፣ ከቆቦ ነው የመጣችው። አንዴ ከቆሙ ደግሞ ማንን ይመልሱታል? ሽማግሌ ገቡ፣ ልጃገረዶች ገቡ፣ ዶሮ የታቀፈ ሰው ገባ። እመት አሚና ጭኔ ላይ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ምን አድርጌ ነው?

ዳገቱን ጀመርን። ሁለተኛ ማርሽ። ቀስ... ቀስ... እዚያው ጥምዝ ላይ፣ ካቻምና የቆምንበት ላይ፣ ከኮፈኑ ስር ጭስ ወጣ።

ዓሪፍ ፍሬን ያዘ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። "ሀስና... እንደገና ገደልኩት።" ስለዚያ ቀን ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። እንዳልገደለው መንገር ፈለግሁ፤ እጁን ያዝኩት።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ዘይት አይደለም... ቅቤ! የእመት አሚና ቅቤ ቀልጦ፣ የጋለ ብረት ላይ ወርዶ ይጨሳል። ራዲያተሩ አልፈላም። ሞተሩ ምንም አልሆነም።

"እሰይ! ምርቃቱ እየሠራ ነው!" አሉ እመት አሚና። ሰው ሁሉ ሳቀ። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ የመጣ ሰው! ቡርቱካን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ግን ቆመናል። ዳገት ላይ፣ ሞልተን። ሽማግሌው "እንውረድላችሁ" አሉ። ዓሪፍ ዓይኑን ጠረገ። "ማንም እንዳይወርድ።" ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ተንቀጠቀጠች። ትንሽ ወደ ኋላ... ያ ኢላሂ! ከዚያ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከታች መጣ፣ በእግሬ፣ በወገቤ፣ ያዘችን። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ፍርሃት ይዛ ወጣች። ቀስ አለች፣ አልለቀቀችም። እስከ ዳገቱ ጫፍ በቅቤ ሽታ እያለቀስኩ ወጣሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 17፣ ደሴ

ሴት ናት። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ። ከሆስፒታል ቤት ከገባን ዛሬ ሁለተኛ ቀናችን ነው።

ቡርቱካን ቅቤ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ከየት አገኘሽው? አላልኳትም። ዓሪፍ "ለእሷም ትንሽ አስተርፉላት" ብሎ ግቢ ወደቆመችው ፔጆ አመለከተ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ጡት አልያዘችም፣ እሹሩሩ አልሰማችም። ቡርቱካን ሞከረች፣ እመት አሚና ቁርኣን ቀሩባት፣ ምንም። ዓሪፍ ግቢ ወጥቶ ባትሪዋ እንዳይሞት ፔጆዋን አስነሣት።

ልቅሶው መሐል ላይ ቆመ። ዓይኗን ከፍታ... ታዳምጣለች።

አጠፋት። አለቀሰች። አስነሣት። ዝም። ታውቀዋለች! ሆዴ ውስጥ ሆና፣ ያን ዳገት ሙሉ ስትሰማው ነበር እኮ። ጋሽ ሓድጉ ይህን ቢያዩ... ከወልድያ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። አላህ ይጠብቃቸው።

ዓሪፍ ራሱን በመስኮት አስገባ። "ቤንዚን በስንት ወረፋ እንደሚገኝ ታውቂያለሽ። ላጥፋው?"

"አታጥፋው" አልኩት።