የጣውላ ጫፍ ስለሚበላው መላጊያ ማሽን

ይድረስ ለተከበሩ የእንጨት ሥራ መሣሪያዎች መደብር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ለሚያርፉበትም ወንበር ጥንካሬን እመኛለሁ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስሆን፣ በእረፍቴ ቀን ከቤቴ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እንጨት ስሰነጥቅና ስገጥም የምውል ሰው ነኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ እንደወጣች ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟም ወደ ቤት ስትመለስ ከፍ ያለና በጎኑ መደገፊያ ያለው አልጋ እንደሚያስፈልጋት ነገረን። ገበያ ላይ ያሉት ሁሉ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ «እኔ እሠራላታለሁ» ብዬ በሰው ፊት ፎከርኩ።

ያገኘሁት ጣውላ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ፣ አንዱም እንደ አኩራፊ ሰው የተጣመመ ነበር። ትልልቆቹ ወርክሾፖች «ለአንድ አልጋ ብለን ማሽን አናስነሳም» ስላሉኝ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ መላጊያ ማሽን ልመርጥ ደጅዎን ረገጥኩ። በዚያ ስለተዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ አማካሪዎ ምን ልሠራ እንዳሰብኩ፣ ጣውላዬም ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በመጠየቅ አላደከመኝም፤ የትኛውን ቀለም እንደምወድ ብቻ በትሕትና ጠየቀኝ። አንዱን ማሽን አስነስቶ ቁራጭ እንጨት እንዲልግልኝ ብለምነው «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ለዕይታ ናቸው» አለኝ። ሞተርን በዓይኔ እንዳዳምጥ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ባለ ሦስት ምላጩ ጥርት አድርጎ ይልጋል፤ ተለዋጭ ምላጩ ግን አገር ውስጥ አልገባም። ባለ ሁለት ምላጩ ተለዋጭ ሞልቶለታል፤ ጩኸቱ ግን ከጎረቤት ያጣላል። ሌላው ሁሉን ያሟላል፤ የመኖሪያ ቤት መብራት ግን አይችለውም። «ታዲያ ለእኔ የሚሆነው የቱ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እሱ እንደ አጠቃቀምዎ ነው» አለኝ። አጠቃቀሜን ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ጠራና ሄደ። ጎረቤትን ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ ይቻላል፣ መብራት ኃይልን ግን ማን ያስታርቀኛል ብዬ ባለ ሁለት ምላጩን ተሸክሜ ወጣሁ።

፫ኛ፦ ማሽናችሁ የጣውላውን መሃል እንደ መስታወት ያለሰልስና ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ተናካሽ ውሻ ዘሎ ይነክሰዋል። ስደውልላችሁ ባለሙያው በረጅም ትዕግሥት «ብልሽት አይደለም፣ ባሕርዩ ነው፤ የተነከሰውን ቆርጠው ይጣሉት» ብሎ መከረኝ። ቆረጥኩ። ውፍረቱ ገና ስላልተስተካከለ ደግሜ አስገባሁት፤ ደግሞ ነከሰው፤ ደግሜ ቆረጥኩ። እንዲህ ስንባባል ለአልጋው ጎን ያሰብኩት ጣውላ ከእህቴ ቁመት አነሰ። እኔ የምነዳው አውቶቡስ ፍሬን እምቢ ቢለኝ «ባሕርዩ ነው» ብዬ ተሳፋሪ የምጭን አይመስለኝም፤ ነገር ግን የሁሉም ሙያ ሕጉ ለየቅል ነው።

፬ኛ፦ ልመልሰው ስመጣ ተረካቢዋ ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ሰጋቱራ ዳበሰችና «ይሄማ ተሠርቶበታል» አለችኝ። እንጨት ያልላገ መላጊያ ብቻ እንደምትመልሱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እትዬ ከሆስፒታል ወጥታለች። የቆየውን አልጋዋን በጡብ ከፍ ብናደርገው ተንገዳገደ፤ ስለዚህ ፍራሿን ወለል ላይ አንጥፈንላታል፤ ከዚያ ቢያንስ አትወድቅም። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ በአንድ ብብቷ፣ እኔ በሌላው ገብተን እናነሳታለን፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ሥራ ከሄድኩ ባለቤቴ ብቻዋን ልታነሳት ስለማትችል እስክመለስ እንደተኛች ትቆያለች። «እትዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» ስላት «አልጠማኝም ወንድምዬ፣ አንተ ብቻ እንዳይረፍድብህ» ትለኛለች። ከንፈሯ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከጠጣች መነሳት እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች፤ እኔም ማወቋን አውቃለሁ።

አሁን ሌላ ጣውላ ለምኜ በእጅ መላጊያ እየሠራሁ ነው። መሪ ሲያሽከረክር የዋለ እጅ ማታ መላጊያ አልይዝ ይለኛል፤ ትንሽ ገፋሁና አስቀመጥኩት፣ ትንሽ ገፋሁና አስቀመጥኩት። መቼ እንደሚያልቅ እሷም አትጠይቀኝም፣ እኔም አልነግራትም።

እንግዲህ ለአቤቱታ የሚጻፍ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ «ይህ ይደረግልኝ» ማለት ነበረበት። እኔ ግን እስከዚህ ጽፌ ምን እንዲደረግልኝ እንደምጠይቅዎ ጠፋኝ። የምትሉትን ሁሉ ብላችሁኛል፤ ሁሉም በትሕትና ነበር።

በትሕትናችሁ ተሸኝቶ፣ በምክራችሁ ቆርጦ፣ በደንባችሁ ባዶ እጁን የተመለሰው፣

ታዛዥ ደንበኛዎ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ

በድጋሚ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከመደብርዎ «እኛን ለዘመድዎ ይመክሩናል?» የሚል መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። ያለችኝ ዘመድ አንዲት እህት ናት፤ ከወለል ላይ በራሷ እግር መነሳት የቻለች ቀን መልሱን ይዛ ራሷ ትመጣለች። እባክዎን እስከዚያው በትዕግሥት ይጠብቁን፤ እኛም የምናደርገው እሱኑ ነው።