ሦስት ቢጫ መኪና

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ፣ ተመስገን፣ ደህና ነን።

አባባ አዲስ ስፖርት መኪና አዘዙ። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው፣ አሁን ሁለት ወንበር ብቻ ያላት አማረቻቸው። ሻጩ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። አረንጓዴ ፈለጉ።

«አባባ፣ ፋብሪካው ከቢጫና ከግራጫ ሌላ አይሠራም» አላቸው ሻጩ።

«ታዲያ ይምረጡ ያልከኝ ምኑን ነው?» ብለው አሳቁት። ቢጫ ይሁን ብለው ፈረሙ።

በሳምንቱ ሌላ ሻጭ ደውሎ እንኳን ደስ ያላችሁ አለኝ። እሱም ዘንድ ቢጫ አዝዘዋል። ሄጄ ሰረዝኩት። ትናንት ደግሞ ሦስተኛ ሻጭ ዘንድ አገኘኋቸው። አረንጓዴ የለም ሲባሉ እንደ አዲስ ተገርመው፣ ያንኑ ቀልድ ሲቀልዱ ደረስኩ። ሻጩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

«ልጅዎ ናት?» አላቸው።

ትክ ብለው አዩኝና «ታናሽ እህቴ ናት፤ ስታስቸግረኝ ነው ያደገችው» አሉት።

አላረምኳቸውም። ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወጣን።

ምግብ ይበላሉ፤ እንቅልፋቸውም ጥሩ ነው። አንተን በየቀኑ ያነሱሃል፤ እስካሁን በስምህ ነው የሚጠሩህ። የመጀመሪያውን ትዕዛዝ አልሰረዝኩትም። መኪናዋ በአሥራ አራት ወር ትደርሳለች ተብሏል። አንተ ግን እሷን አትጠብቅ።

ደህና ሁንልኝ፤ በር በሩን የምታይልህ እህትህ።