«እትዬ የትኛው»፦ በአንድ ቃል የተሸፈኑ ሦስት ነገሮችን ሲለዩ የኖሩት እህታችን

ውድ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ተከታትለው በአስተዳደር ሥራ በዲግሪ ተመረቁ፤ ወዲያውም በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ተቀጥረው ዕድሜያቸውን እዚያው ጨረሱ። «ጨረሱ» የሚለው ቃል ታስቦበት የገባ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ የቤታችን ፖሊሲ ነው» ብለው ልጆቹን ሲቆጡ፣ እህታችን ሳህን እያቀረቡ «ፖሊሲው ንጽህና ነው፤ መታጠቡ አሠራር ነው» ብለው ያርሟቸው ነበር። ልጆቹ በዚህ መሀል ሳይታጠቡ ይበሉ ነበር።

ነገሩ ለእርሳቸው ቀልድ አልነበረም። ፖሊሲ ተቋሙ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ የሚናገር፣ ሴኔት የሚያጸድቀው ነው። የአሠራር ሥርዓት ያን ውሳኔ ማን፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈጽመው ይናገራል። ሂደት ደግሞ ጉዳዩ ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚጓዝበት መንገድ ነው፤ ከረዘመ ማሳጠር ይቻላል። በዚያ ግቢ ግን ሦስቱም «መመሪያ» ይባላሉ። ጸሐፊዋ ቁልፍ ይዛ ብትጠፋ መመሪያ ነው፤ አለቃው ቢያኮርፍም መመሪያ ነው። በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ለሚለምን ሰው «መመሪያ አይፈቅድም» ሲባል በሰሙ ቁጥር እህታችን ከወንበራቸው ተነሥተው «የትኛው?» ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው «እትዬ የትኛው» ያሏቸው ለማሾፍ ነው፤ እኛ ግን ኮርተንበታል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የነርስነት ተማሪ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኛች። የታመመ ተማሪ ቦታው እንዲጠበቅለት ሴኔቱ ያጸደቀው ፖሊሲ አለ። እናትየው የሐኪም ማስረጃ ይዘው ቢመጡ «ተማሪዋ በአካል ካልቀረበች መመሪያ አይፈቅድም» ተብለው ተመለሱ፤ ልጅቷም ተሰረዘች። እህታችን የትኛው መመሪያ እንደሆነ ሲያጣሩ፣ ድሮ ጡረታ የወጡ አንድ ኃላፊ የተማሪ ዘመዶች ግርግር ሰልችቷቸው በቃል የተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ሆድ ተከፍቶ የተኛች ልጅ የተባረረችው በአንድ ሰው መሰላቸት ነው። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ይህን ሲሰሙ «እትዬ፣ ምን ያካብዳሉ? ያው ሁሉም መመሪያ ነው» ብለው ሳቁ። ሳምንት ሳይሞላ እህታችን ጄኔሬተር አጠገብ ወዳለች ጠባብ ክፍል ተዛወሩ። ግድግዳው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ጉዳዩን ለሴኔቱ ጽፈው አቀረቡ።

የጉበት ሕመማቸው የጸናው ያን ጊዜ ነው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሴኔቱ ተማሪዋ እንድትመለስ ወሰነ። እህታችን በደስታ ሾርባ ጠየቁ። በማግስቱ ግን ሬጅስትራሩ «ውሳኔው ደርሶናል፤ የአፈጻጸም መመሪያ እስኪወጣ ይጠበቅ» አለ። እውነት ለመናገር ይህ ቤተሰብ እንዲህ ያለ የሚያቅለሸልሽ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ አያውቅም። እህታችን የሴት ልጃቸውን ጆሮ ወደ አፋቸው አስጠግተው «ስሟን መልሰው ይመዝግቧት። ከዚህ ሌላ ምንም አሠራር አያስፈልግም በያቸው» አሉ። ልጃቸው ሬጅስትራር ሄዳ ለሠራተኞቹ ነገረች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች።

እህታችን በተወለዱ በ58 ዓመታቸው፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የተማሪዋ ምዝገባ የሚዘጋው ነገ ነው።

ምክትል ፕሬዚዳንቱ በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ የሐዘን መግለጫ ለማንበብ ጠይቀው ነበር። ቤተሰቡ ተመካክሮ እንዲህ ሲል መልሷል፦ ተማሪዋ ከእናቷ ጋር ከኋላ ረድፍ ቆማለች። መዝግበዋት ይምጡና የፈለጉትን ያህል ያንብቡ፤ ቆመን እናዳምጣለን። እስከዚያው እንደማንኛውም ለቀስተኛ ዝም ብለው ይቁሙልን።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን «ነገ ይመለሱ» ሳይል ይቀበልልን።