ልጣጩን አፈር ያደረግንበት ክረምት

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኪ እማዬ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት እንዳቃተሽ ሐምዱ ነግሮኛል፤ የላክሁልሽ ቅባት ትንሽም ቢሆን ረዳሽ? ዓይንሽስ? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? ከብቶቹ፣ ጓሮው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። አማችሽ ቡሽራም አለ። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ይህችን ቃል በስልክ ስደጋግማት ስለከረምኩ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

በረመዳን ደውለሽ «ምግብ ቤቱ እንዴት ነው?» ስትይኝ «ይመስገነው፣ ሥራ አለ» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነው። ያን ጊዜ ምግብ ቤታችን ታሽጎ ነበር። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር ድምፄ ያጋልጠኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ሐምዱ፣ ወንድሜ፣ እማዬ እንዳትደነግጥ ብለህ አንድም መስመር ሳትዘል አንብብላት።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። እኛ ያለንበት የጁባው ሙኑኪ ግቢና ግቢ የተላተመበት ሰፈር ነው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ኮር የሚሉት፣ በበጋ የሚደርቅ በዝናብ ጊዜ የሚሞላ ቦይ አለ። ቆሻሻችንን በጋሪ የሚወስድልን ሰውዬ ነበረን። ጥር ላይ የዚህ አገር ነዳጅ መውጣቱ ቆሞ ገበያው ሲቀዘቅዝ እሱም ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የጎመኑን ግንድ፣ የእንቁላሉን ቅርፊት፣ ከየትሪው የተረፈውን ሁሉ በከረጢት እያደረግን ቦዩ ውስጥ መጣል ጀመርን። ሁሉም ሰው ይጥላል። እኔ የምጥለው ግን የአንድ ሙሉ ምግብ ቤት ቆሻሻ ነው፣ ያውም በየቀኑ። እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ እማዬ። ድካም ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ ዓይንሽ ሥር ያለውን ነገር «ነገ አየዋለሁ» ትይዋለሽ።

ሐምሌ መጀመሪያ፣ የዚህ አገር ነፃነት አንደኛ ዓመት በተከበረበት ሳምንት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያላባራ ዝናብ ጣለ። ቦዩ በቆሻሻ ታፍኖ ስለነበር ውሃው መሄጃ አጣና ዞሮ ታች ያሉት ጎረቤታችን ግቢ ገባ። ማማ ኪደን ይባላሉ። የሰፈሩ ነባር ናቸው፤ ከልጅ ልጃቸው ከፖኒ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ፖኒ አራት ዓመቷ ነው። ውሃው ጎድሎ ሦስት ቀን ሳይሞላ ልጅቱን ተቅማጥና ትውከት ጣላት።

ማማ ኪደን በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጡ። ቤቱ ደንበኛ አለበት። ሳፋ ሙሉ ጭቃ ተሸክመው ገብተው መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ጭቃው ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ የእንጀራ ቁራሽ ይታያል። በዚያ ሰፈር እንጀራ የምንሸጠው እኛ ብቻ ነን። «ዴ ሃጃ ታኪ» አሉኝ፤ ይሄ ያንቺ ዕቃ ነው ማለታቸው ነው። አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጅቷ ሐኪም ቤት ናት፤ ውሃ በክንዷ እየገባላት ነው» አሉና ወጡ።

ሽርጤን ፈትቼ ተከተልኳቸው። ስድስት ቀን ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ተመላለስኩ። የማመጣላቸውን ምግብ ይቀበሉኛል፣ ቀና ብለው ግን አያዩኝም። ፖኒ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንድ ጊዜ ሐኪሟ በአያቷ ፊት ራሷን ስትነቀንቅ አየሁና ውጭ ወጥቼ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለአላህ ያልኩትን እኔና እሱ ነን የምናውቀው። ተረፈች። ሰባት ጊዜ ብነግርሽም አይበቃኝም፣ ተረፈች እማዬ።

በዚያው ሳምንት የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው በሩን አሸጉት። ቆሻሻችን የት እንደሚሄድ እስክናሳይ ድረስ አይከፈትም አሉ። እውነታቸውን ነው። ቡሽራ መኪና ተከራይተን ከከተማ ውጭ እንድፋው አለ። «እዚያስ ሰው የለም?» ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ።

ያኔ አንቺን አሰብኩሽ። ጠዋት ጠዋት ከበረት የጠረግሽውን ከጓዳ ልጣጭና ከአመድ ጋር ቀላቅለሽ፣ በቅርጫት እያሸከምሽኝ፣ እንሰቱ ሥር የምታደርጊውን። ያን ሥራ እንዴት እጠላው እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ትምህርት ቤት እሸታለሁ ብዬ ስንት ጠዋት አልቅሼብሻለሁ። ከአገር ስወጣ ከደስታዬ ግማሹ ከዚያ ቅርጫት መገላገሌ ነበር። አሁን ግን ከውሃው በርሜልና ከአጥሩ መሐል ያለችውን ጥግ ጠርጌ፣ በአሮጌ ሳንቃ ከልዬ፣ ያለንን ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ከመርኩ። ከቦዩም ያወጣሁትን፣ የሚበሰብሰውን ከላስቲኩ ለይቼ፣ ጨመርኩበት። በጾም አንጀቴ፣ በጁባ ፀሐይ።

በሳምንቱ ሸተተ። ሽታ ስልሽ፣ ከጎዳናው ድረስ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበት ሽታ። አጥንቱንም ጮማውንም የወጥ ትራፊውንም አንድ ላይ ስለጨመርኩት ትል ወረረው፣ ውሻ ተሰበሰበበት። ቡሽራ አካፋውን ወርውሮ «እኔ ከአገሬ የወጣሁት ቆሻሻ ላቦካ ነው?» ብሎ ወጣ። አካፋውን እኔው አነሳሁት። ያንቺ ጓሮ እንዲህ ሸትቶ አያውቅም፤ ምን እንደጎደለኝ ደውዬ እንዳልጠይቅሽ ደግሞ ውሸቴ ሊወጣ ነው።

የነገሩኝ ማማ ኪደን ናቸው። ሽታው ቢብስባቸው በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው መጡ። አሁንስ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ክምሩን በእንጨት ገለጥ አድርገው አዩና «ናሺፍ ማፊ» አሉ፤ ደረቅ የለውም። «ይሄ ወጥ ነው እንጂ አፈር አይሆንም።» በእጃቸው መንገድ ማዶ ያለውን አናጢ ቤት አሳዩኝና ተመለሱ። ለካ ሟች ባላቸው ሎሎጎ በሚባለው ሰፈር ወንዙ ዳር አትክልት ያለማ ነበር።

በማግስቱ አጥንቱንና ጮማውን ለቅሜ አውጥቼ ቀበርኩ። አናጢው ሰጋቱራውን በነፃ ሰጠኝ። አንድ ንጣፍ እርጥብ፣ ሁለት ንጣፍ ደረቅ፣ ከላይ ሣርና አመድ አደረግሁበት። ሽታው በአራት ቀን ጠፋ። ቀጥሎ ደግሞ ሙቀቱ አደረቀውና ሥራውን አቆመ፤ ሩዝ ያጠብንበትን ውሃ እያርከፈከፍኩ፣ በየአምስት ቀኑ እያገላበጥኩ ቀጠልኩ። አንድ ጠዋት እጄን መሐሉ ከትቼ ፈጥኜ አወጣሁት፤ እንደ እሳት ይፋጃል፤ መብላላት ጀምሯል ማለት ነው። ለብቻዬ ሳቅሁ። የሚስቅልኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቡሽራ ታይፎይድ ይዞት ተኝቷል። እሱን አስታምሜ፣ ክምሩን አገላብጬ ስነሳ ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ነው የምቆመው። መስተዋት ውስጥ አክስቴን የማይ ይመስለኛል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከተቆጣጣሪዎቹ አንዷ ተመልሳ መጣች። ወደ ጥጉ ወሰድኳት። ቁጢጥ ብላ ከሥር አንድ እፍኝ ዘገነችና አሸተተች። ጥቁር፣ ልል አፈር ነው። «ቆሻሻው የታለ?» አለችኝ። «በእጅሽ ይዘሽዋል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ አፈሩን ቀስ ብላ መለሰችው፣ ወረቀቱንም ፈረመችልኝ።

ቤቱ ተከፍቷል። ግን እንደ ድሮው አይደለም። ወሬው ስለዞረ የቀሩ ደንበኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ በደጃፋችን አልፈው ጉዴሌ ድረስ ሄደው ይበላሉ። አልፈርድባቸውም። ፖኒ ድናለች፣ ትሮጣለች፣ እኔን ስታይ ግን አያቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች። ባለፈው ሳምንት ክምሩን ልከፍት ስሄድ የኛ ያልሆነ ነገር አገኘሁበት፤ የካሳቫ ልጣጭና የለውዝ ቅርፊት። በላዩ ላይ ሰጋቱራ በደንብ ተነስንሶበታል። ማማ ኪደን ናቸው። አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ይቅር ብለውኛል ብዬ አልጽፍልሽም። ዛሬም ሰላምታዬን የሚመልሱት በግማሽ አፍ ነው። ግን የጓዳቸውን ልጣጭ እኔ ግቢ አምጥተው ይጨምራሉ፣ እኔም ለዘሩት ጎመን አፈሩን በጆንያ አጥራቸው ሥር አኖርላቸዋለሁ።

እማዬ፣ አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ለአረፋ አልመጣም። ሦስተኛ ዓመቴ መሆኑን አውቃለሁ። አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲተም አንቺ መንገድ ዳር ወጥተሽ ከመኪና የሚወርደውን እንደምትቆጥሪ ሐምዱ ነግሮኛል። ግን ቡሽራ ገና እግሩ አልጸናም፣ ቤቱም የተከፈተው ገና በቅርቡ ነው፤ እኔ ከሄድኩ የሚቆምለት የለም። ደክሞኛል። ይህን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። አትዘኚ ግን፤ እኔ የምበረታው የአንቺን መበርታት ስሰማ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሐቢብ የሚባል የአገራችን ነጋዴ ነው። ለጉልበትሽ ሌላ ቅባት፣ ለራስሽም ሻሽ ልኬልሻለሁ። ሐምዱን ስለ ጣሪያው ጥገና አላህ ይስጥልኝ በይልኝ። ሚስቱን ሺፋን፣ ያንቺን ሥራ ሁሉ የተሸከመችልኝን፣ እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርተሽ ሳሚልኝ፤ ትንሿ አታውቀኝም፣ አክስት አለሽ በያት። አክስቴን ዱዓዋ እንዳይለየኝ ንገሪልኝ። ቡሽራ እጅሽን ይስማል።

በዋዜማው፣ በሴቶች አረፋ ቀን፣ ከምትሠሩት ምግብ ድርሻዬን አታስቀምጪልኝ። አምና በቅጠል ጠቅልለሽ እስኪደርቅ ድረስ እንዳስቀመጥሽው ሰምቻለሁ። ዘንድሮ በሩ ላይ ለቆመ ለመጀመሪያው ሰው ስጪውና ሲበላ እዪው።

ልጅሽ ጀንነት

ጁባ፣ ሙኑኪ
ጥቅምት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.