ስለ ስድስቱ መንገዶችና ስለ ፈረምኩት ወረቀት

ለክቡር የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ
ካዛንቺስ
ግንቦት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ስሜን በመዝገብ ላሰፈሩት ባልደረቦችዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ በቸርነትዎ ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል፣ ደጃፌ ላይ መኪና በቆመ ቁጥርም መብራቱን አጥፍቼ በመስኮት አያለሁ። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ቢሮዎ ነዋሪው ነቅቶ እንዲጠብቅ ዘወትር ስለሚያሳስብ፣ ማሳሰቢያውን በሚገባ እየፈጸምኩ መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነው።

ፍሰሃ አጽብሃ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በዕድራችን አዳራሽ፣ ከላንቻም ከሜክሲኮም ከዚሁ ከሰፈራችንም ለሚመጡ ሃያ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤታቸው የማያገኙትን ሒሳብ አስተምር ነበር። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለፈው የካቲት ሁለት ባልደረቦችዎ በሩን በማንኳኳት ትምህርቱን ሳይረብሹ በቀጥታ ስለ ገቡልን አመሰግናለሁ። በዚያች ሰዓት ሰሌዳው ላይ አራት ነጥቦች ነበሩ፤ ካዛንቺስ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮና ላንቻ። እያንዳንዱን ሰፈር ከሌሎቹ ከሦስቱ ጋር የሚያገናኙ በጠቅላላው ስድስት መስመሮችም ስዬ ነበር። ጥያቄው፣ አንድ ሰው አንዱንም መንገድ ሳይደግም ስድስቱንም ረግጦ መጨረስ ይችላል ወይ የሚል ነበር።

«መቼ ነው የምትወጡት?» አሉኝ በዕድሜ ጠና ያሉት፣ ሥዕሉን የሰልፍ ዕቅድ አድርገው ወስደውት።

«ማንም አይወጣም። አይቻልም» አልኩ።

«ማነው የከለከላችሁ?»

«ሒሳቡ ነዋ።»

እንደ ቀለድኩባቸው ቆጥረውት ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ያን ጊዜ የፊተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ፋኢዛ ተነሳች። ፋኢዛ የላንቻው ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ መሃል ላይ ያለ ሰፈር የገቡበትን ያህል መውጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መንገዶቹ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ጎዶሎ መሆን የሚችሉት መነሻውና መድረሻው ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሁለት ናቸው። እዚህ ግን አራቱም ጋ ሦስት ሦስት ነው» አለች። ማብራሪያዋ አንዲት ቃል አልጎደለውም። ባልደረባዎ ግን ከመልሷ ይልቅ ስሟን ጻፉ። ከሃያ ሦስቱ መጀመሪያ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

ሁለተኛ፣ በቢሮዎ አግዳሚ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል እንዳርፍ ስለ ተደረገልኝ አመሰግናለሁ። ወጣቱ ባልደረባዎ ከፊቴ ተቀምጠው የሰሌዳውን ሥዕል ወደ ሪፖርታቸው ሲገለብጡ፣ ላንቻን ከሜክሲኮ የሚያገናኘውን መንገድ ዘለሉት። ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን የመምህር ነገር፣ ስህተት አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንድ መስመር ጎደለ፤ እንዲህ ከሆነማ ከካዛንቺስ ተነስቶ ሁሉንም አዳርሶ ስታዲየም መግባት ይቻላል» አልኳቸው። እስክሪብቷቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። መስመሩን አሰመርኩ። ከግርጌው «በገዛ እጁ አስተካክሏል» ብለው ጻፉበት። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ደንግጬ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ የሦስት ዓመት ምርምሬ ያለበትን ደብተር ቢሮዎ እስከ ዛሬ በአደራ ስላስቀመጠልኝ አመሰግናለሁ። በዓለም ላይ ይህን ሥራ ሊያነቡልኝ የሚፈልጉ ከዐሥር አይበልጡም ብዬ አዝን ነበር፤ ለካ አንባቢ በቅርቤ ኖሯል።

አራተኛውን ግን ምስጋና ብዬ ልጽፈው አልቻልኩም። በዚያው ቀን ሲመሽ አንድ ወረቀት ቀረበልኝ፤ «ከእንግዲህ ወጣቶችን ሰብስቤ ላላስተምር ተስማምቻለሁ» ይላል። ከመፈረሜ በፊት ቢያንስ የልጆቹን ስም ዝርዝር መልሱልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ቤቴን፣ ባለቤቴን፣ የሚከፈተውን በር ብቻ አሰብኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም ነበር።

በሳምንቱ የፋኢዛ አባት ደጄ መጡ። የልጃቸውን ደብተሮች በሙሉ በጓሯቸው አቃጥለዋል። «ፕሮፌሰር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያለችኝ እሷ ናት» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ደግ አደረጉ» አልኳቸው። እኔ መምህሩ፣ የተማሪዬ ደብተር ተቃጠለ ሲሉኝ ደግ አደረጉ አልኩ። ክቡር ሆይ፣ ባልደረቦችዎ አንድም ጊዜ በጥፊ አልመቱኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አድርገውኛል።

ሁለት ወር አዳራሹ ተዘግቶ ከረመ። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ባለቤቴ ጓዳ ገባች፣ እኔ ከፈትኩ። ፋኢዛ ናት፤ ከኋላዋ እናቷ ወይዘሮ ሩቂያ ቆመዋል።

«እኔም ልማር መጣሁ፤ ምን እንደሚያስተምሯት የቀበሌ ሰዎች ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይኑረኝ» አሉ።

«እትዬ ሩቂያ፣ ፈርሜያለሁ እኮ» አልኩ።

«ሰብስቤ አላስተምርም ብለው አይደል የፈረሙት? ማን ሰበሰበን? በገዛ እግራችን መጣን።»

የዕድሩን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዬ የሻረግ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ነጋሳም ከአያቱ ጋር። ዛሬ ዐሥራ አንድ ተማሪዎችና ዐሥራ አንድ ወላጆች አሉኝ፤ የቀሩት ዐሥራ ሁለቱ አልተመለሱም፣ አልፈርድባቸውም። የፋኢዛ አባት አይገቡም። በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ፤ ፈርተዋል፣ ግን ቆመዋል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩት ወይዘሮ ሩቂያ ከኋላ እጃቸውን አውጥተው «አንድ መንገድ ቢጨመርስ? ያኔ ይቻል የለ?» ብለው ጠየቁ። ይቻላል። ተማሪዎቼ አጨበጨቡላቸው፤ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የሚጠፋ ነገር ያለ ይመስል ቆየሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማዬን ማንሳቴን በዚህ ደብዳቤ በአክብሮት አስታውቃለሁ። እንደማልፈራ አስመስዬ አልጽፍም። ደብዳቤውን አራት ጊዜ ገልብጫለሁ፤ ሁለቱን ያበላሸው እጄ ነው። አንዱን ቅጂ ለቢሮዎ፣ አንዱን ለዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ አድርሻለሁ፤ ሰው ያነበበው ደብዳቤ በቀላሉ አይጠፋም ብዬ ነው።

ለጤናዎ፣ ለሹመትዎ መሰንበትና ለማይደክመው ጆሮዎ ዘወትር የምጸልይ፣ ራሴን ከማውቀው በላይ በመዝገብዎ ውስጥ የምታወቅ፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ፍሰሃ አጽብሃ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሰው ሊልኩብኝ ቢወስኑ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን ቢሆን ውለታዎ ነው። የግድ ቅዳሜ ከሆነ ግን አግዳሚዎቹ በእናቶች ስለ ተያዙ ባልደረቦችዎ ከኋላ መቆም ይኖርባቸዋል፤ ሲወጡም ወይዘሮ ሩቂያ የዕለቱን ትምህርት ይጠይቋቸዋል።