ያልተጣበቀው ክዳን

ልጄ ሆይ፣ ከአንድ ጎረቤት በቀር ማንም የማያውቀውን ላንተ ልንገርህ፤ አባትህ የገዛልህን፣ እኔ "መጀመሪያ ትምህርትህን" ብዬ የቆለፍኩብህን በሪሞት የሚነዳ ተገጣጣሚ ታንክ መሥራት ይዣለሁ። ያኔ ጠግበህ ተጫውተህበት ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው ነው።

ለጀማሪ ከባድ ሥራ ነው። መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። የሞተሩን ሽቦዎች አገላብጬ ስላሰርኩ፣ ወደ ፊት ስለው ወደ ኋላ ሄዶ አልጋው ሥር ገባ፤ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ትንሹን የፕላስቲክ ነጂ አስቀምጬ ከራሱ በላይ ያለውን ክዳን በሙጫ አጣበቅኩበት። ራቴን ልበላ ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ በቢላ ፈልቅቄ ከፈትኩለት።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን አይቶ፣ "እትዬ፣ ይጣበቅ እንጂ፤ አቧራ ይገባበታል" አለኝ።

"ይግባበት።"

"መጫወቻ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፤ አንተ ባትሪውን እይልኝ" አልኩት።

የአንተ ታንክ ክዳን ከውስጥ ይከፈታል? ስትጽፍልኝ ይህን ብቻ ንገረኝ። ከክረምት ወዲህ ፖስታ ቤቱ ሰንፏል መሰል፣ ደብዳቤህን አላደረሰልኝም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል፤ በደህና ያገናኘን። ፖስታው ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ ይድረስ ለመጨረሻ ልጄ፣ ለታንክ ነጂው።