የእማዬ ቤት ያለበት ቁልቁለት

ሰኔ 4 ቀን 1977
ዛሬም ወደ መለኪያ ጎጆዬ ወጣሁ። ጉም የለም፣ ጭቃ የለም... ደስ ሲል! በዚህ ዕድሜዬ ሥራዬ ውሃ ማየት መሆኑን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያዎች ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ምሰሶ ተክለው፣ ውሃ በሞላ የጎማ ቱቦ አገናኝተው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጠርሙስ ገጠሙ። መሬቱ ካዘነበለ፣ በወረደው በኩል ባለው ጠርሙስ ውሃው ከፍ ይላል። ግንበኛ የሚይዘው የውሃ ልክ ማለት ነው፤ የኔው ግን ተራራ ይለካል! ለእማዬ ጎረቤት ለበለጠች ብነግራት «አንቺ ደግሞ! ተራራው ሊሄድብሽ ነው?» ብላ ሳቀች። አሳቀችኝም።

ሰኔ 19
የታችኛው ጠርሙስ ውሃ ከፍ አለ። ጎማው እያፈሰሰ ይሆን? ቢያፈስ ሁለቱም በጎደሉ ነበር... አልጎደሉም። ከታች ያለው ደግሞ የእማዬ ቤት ነው።

ሐምሌ 3
አሁንም ጨመረ። አዲስ አበባ ቴሌግራም አስመታሁ፤ በጦርነቱ መንገዱ ስለተዘጋ መምጣት አንችልም አሉኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ «ሕዝብ አታሸብሪ!» አለኝ። የእማዬ በር አልዘጋ ብሏል። «ሳንቃው ዝናብ ጠጥቶ ነው» ትላለች። ምን ሳንቃው... መቃኑ ተጣሞ!

ሐምሌ 8
ደህና መሬት ላይ ያለው ባዶ ቤት አንድ ብቻ... የሸክላ ሠሪዋ የእናናዬ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ አምና ከነልጆቿ ወደ ሱዳን ወጣች። እማዬን እዚያ ግቢ ብዬ ለመንኳት።
«ቡዳ ቤት? እኔ ደብሪቱ?»
«በእንስራዋ ስንት ዓመት ውሃ ጠጥተሽ?»
«እንስራ ሌላ፣ ቤት ሌላ!»
የነፍስ አባቷ አባ ተክለ ማርያም በልመናዬ ገብተው ጸለዩበት፣ ጸበል ረጩት። «እሳቸው መስቀል አላቸው» አለችኝ። በለጠችንም ለመንኳት፤ እንደሷው እንቢ አለች።

ሐምሌ 11
የራሴን ቤት ዘግቼ እናናዬ ቤት እኔው ገባሁ። ምንም እንዳልሆንኩ ሲያዩ ይመጡ ይሆናል...

ሐምሌ 14
ብርድ መታኝ። ትኩሳት። አሁን ማን ያምነኛል? በለጠች ደጅ ቆማ አየችኝና «በሏት! በሏት!» እያለች ወደ እማዬ ሮጠች። አለቀልኝ።

ሐምሌ 15
እማዬ መጣች! ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይዛ፣ እየተራገመች፣ ዘው ብላ ገባች። «ተነሽ ላውጣሽ!» እግሬ አልሸከም አለኝ። ትታኝ አልሄደችም። አብራት የመጣችውን በለጠችን «ግቢ፣ ዝናቡ ይለፍ» ብላት «ፍየሎቼን ማን ያስገባልኛል?» ብላ ከደጅ ተመለሰች...

ሐምሌ 16
ጎህ ሲቀድ ቁልቁለቱ ሄደ። የእማዬ ቤት የለም። የበለጠች ቤት የለም። በለጠች... ጌታዬ።

ሐምሌ 18
ትናንት አገኟት፣ ዛሬ ቀበርናት። ባሏ ይግዛው ዳባት ሄዶ ነው የተረፈው። ቤት ስለሌለው ለቀስተኛው እዚህ ግቢ መጣ፤ ግን ሁሉም ዝናብ ላይ ቆመ። እማዬ በሩ ላይ ወጣች።
«ግቡ እንጂ! በለጠች ገብታ ቢሆን ኖሮ አታለቅሱላትም ነበር።»
አንድ በአንድ ገቡ። ይግዛው ብቻ ቀረ። እማዬ ወጥታ አጠገቡ ቆመች፤ ነጠላዋ ውሃ እስኪያንጠባጥብ።